በሩን አይጧ አልቆለፈችውም

«አትጨነቂ! ለልጁ ጥሩ አይደለም።»

ነፍሰ ጡር ሴት ይህችን ምክር በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰማ የቆጠረ የለም እንጂ ቢቆጠር ጉድ ነበር። እናቷ ትላታለች፣ አማቷ ትላታለች፣ ጎረቤት ይላታል። ፈቃድ የከለከላት አለቃዋ ራሱ ይላታል። የቤት ኪራይ በእጥፍ የጨመሩባት አከራይዋም ጨምረው ሲያበቁ «ብቻ አንቺ አትጨነቂ የኔ ልጅ» ይሏታል። ድሮ በኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ ዛሬ ደግሞ በቲክቶክና በቴሌግራም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰውም ያልለበሰውም «እናት በእርግዝናዋ ከተጨነቀች ልጇ ፈሪ፣ ነጭናጫ፣ ትምህርት የማይገባው ይሆናል፤ ይህ በሳይንስ ተረጋግጧል» እያለ ያስተምራል።

«በሳይንስ ተረጋግጧል» ከተባለ በኋላ ደግሞ ማን አፉን ይከፍታል?

እኛ እንከፍታለን። የቱ ሳይንስ ነው ያረጋገጠው? በማን ላይ ተሞክሮ? አስጨናቂውስ ማን ነበር? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዙልን፤ የዛሬው ጭቅጭቃችን በሙሉ እሷ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ለሚገባው ይገባዋልና አንድ ነገር እናምናለን። ጉዳዩ ተረት አይደለም። የእናት ጭንቀት በሆዷ ባለው ላይ አሻራ እንደሚተው ከ60 ዓመት በላይ የተከማቸ ማስረጃ አለ። ምክንያትንና ውጤትን ለይቶ የሚያሳየው ማስረጃ በአብዛኛው የመጣው ከእንስሳት ነው፤ ምክንያቱም ነፍሰ ጡር ሴትን ሆን ብሎ ማስጨነቅ ክልክል ነው። (ላብራቶሪ ውስጥ ማለታችን ነው። ከላብራቶሪ ውጭማ ማን ከልክሎ!)

እንግዲህ ወደ አይጦቹ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዊልያም ቶምሰን የተባለ ተመራማሪ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሙከራው እንዲህ ነበር። በጣት የሚቆጠሩ ሴት አይጦች ሁለት ክፍል ያለው ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ደወል ይጮሃል፤ ከደወሉ ጋር ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። በመካከል ያለችውን በር ከፍተው ወደ ሁለተኛው ክፍል ከሸሹ ግን ይድናሉ። አይጥ ሞኝ አይደለችም፤ ቶሎ ተማሩት። ደወል ሲጮህ በር ከፍቶ መሮጥ፣ በቃ።

ከዚያ ከወንድ ጋር እንዲገናኙ ተደረገና አረገዙ። ካረገዙ በኋላ ቶምሰን በየቀኑ እዚያችው ሣጥን ውስጥ እያስገባ ደወሉን ያስጮህባቸው ጀመር። ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል። በእርግዝናቸው ወቅት አንዲት ጊዜ እንኳ አልነዘራቸውም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ በሩ ተቆልፏል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልን። በዚህ ሙከራ ውስጥ ሕመም የለም፣ ረሃብ የለም፣ ድብደባ የለም። ያለው የአደጋ ምልክትና የተዘጋ መውጫ ብቻ ነው። አይጧ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ልታደርገው ተነሳች፤ በሩ አልከፈት አላት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

ልጆቹ ተወለዱ። ቶምሰን የተጨነቁትን እናቶች ልጆች ላልተጨነቁት፣ ያልተጨነቁትን ደግሞ ለተጨነቁት እያቀያየረ እንዲያሳድጓቸው አደረገ። ጉዳዩ ከአስተዳደግ የመጣ ነው እንዳይባል መሆኑ ነው። ከዚያም ልጆቹን በአንድ ወር ዕድሜያቸው ገደማ፣ በኋላም ካደጉ ወዲያ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ለቀቃቸው። በተቆለፈው በር ፊት የተረገዙት ብዙም አይንቀሳቀሱም፤ ከጎጇቸው ወጥተው ምግብ ጋ ለመድረስም ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ፈሪዎች ሆነዋል ማለት ነው።

አሁን ያቺን ጥያቄ እናምጣት። አስጨናቂው ማን ነበር? ቶምሰን! በሩን የቆለፈው፣ ደወሉን የሚደውለው፣ አይጧን በጅራቷ ይዞ ሣጥን ውስጥ የሚከታት ሌላ ነው። ታዲያ ከዚህ ሙከራ ተነስቶ «እህቴ ሆይ፣ ጭንቀትሽን ተቆጣጠሪ» የሚል ሰው ምን አንብቦ ነው? የቶምሰንን ጽሑፍ አንብቦ ለአይጧ የመዝናናት ሥልጠና ማዘዝ እኮ ነው! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህንን ነው።

ከቶምሰን በኋላ የመጡትም እንዲሁ ናቸው። በብዙ ላብራቶሪዎች የተለመደው ዘዴ ይኸውላችሁ፦ ያረገዘች አይጥ በጠባብ ግልጽ ቱቦ ውስጥ ትከተታለች፣ ኃይለኛ መብራት ይበራባታል፣ እንደዚያ ሆና 45 ደቂቃ ትቆያለች፤ ይህ በቀን 3 ጊዜ፣ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንት በየቀኑ ይደገማል። የአይጥ እርግዝና ጠቅላላው 3 ሳምንት ገደማ መሆኑን አትርሱ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሜሪ ሽናይደርና ባልደረቦቿ ያረገዙ ሪሰስ ጦጣዎችን ጨለማ ክፍል እያስገቡ በማይጠበቅ ሰዓት ኃይለኛ ድምፅ ያሰሟቸው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳተሙት ልጆቹ ሲወለዱ ክብደታቸው አነስ ያለ፣ እንቅስቃሴያቸው የዘገየ፣ ትኩረታቸውም ቶሎ የሚበተን ሆነ። ቱቦ፣ መብራት፣ ጨለማ፣ ጩኸት። ከእነዚህ ውስጥ እናትየዋ በራሷ ላይ ያመጣችው የትኛው ነው?

አንድም ተመራማሪ «እናት አይጧ አዎንታዊ አስተሳሰብ ስለሌላት» ብሎ አልጻፈም። እንዲህ ብሎ የጻፈ ለመጽሔት ሳይሆን ለፌስቡክ ነው የጻፈው።

የጉዳዩን አሠራር በአጭሩ እንንገራችሁና እንለፍ። አደጋ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን (በአይጥ ኮርቲኮስቴሮን) ወደ ደም ይረጫል። የእንግዴ ልጅ ይህን ሆርሞን የሚያመክን ኢንዛይም አለው፤ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ከእናት ደም ወደ ፅንስ የሚያልፈውን አብዛኛውን ኮርቲሶል ያከሽፋል። ነገር ግን ዘበኛው ፍጹም አይደለም። በአይጥ ላይ እንደታየው ደግሞ ጭንቀቱ ሲበዛና ሲደጋገም የዘበኛው ጉልበት ራሱ ይቀንሳል። ከዚያ ገና በመገንባት ላይ ያለው የፅንሱ አንጎል ከልኩ በላይ የሆነ ሆርሞን ይደርሰዋል፣ የራሱ የጭንቀት ሥርዓትም በዚያው ይቃኛል። ይህ አንዱ መንገድ ነው፤ ሌሎችም አሉ። ልብ በሉ፤ ተፈጥሮ ራሷ በእናትና በልጅ መካከል ዘበኛ አቁማለች። ዕለታዊ ብስጭት፣ ከባል ጋር መነታረክ፣ ታክሲ አጥቶ መቆም ፅንስን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ የሰው ዘር እስከዛሬ ባልቆየ። ከላይ የዘረዘርናቸው ሙከራዎች መጠናቸው ከዚህ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት ሳይናገር የሚመክር ሰው ነፍሰ ጡሯን ስለ ጭንቀቷ እንድትጨነቅ ያደርጋታል፤ ውለታው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጠባችን «ተበላሸ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

የላብራቶሪ አይጥ ከጎጆዋ አትወጣም፣ ቀበሮ አይበላትም፣ መኖ በሰዓቱ ይመጣላታል። እዚያ ሆኖ ሲታይ ድንጉጥ ልጅ የተበላሸ ልጅ ይመስላል። ከላብራቶሪ ስንወጣ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ስለ ፌንጣ ዘመድ፣ ሌሊት ሌሊት ሲጮህ ስለሚያድረው ክሪኬት እናውራ። ጆናታን ስቶርምና ስቲቨን ሊማ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት እንቁላል የያዙ ሴት ክሪኬቶችን ከአዳኝ ሸረሪት ጋር አንድ ላይ አኖሯቸው። ሸረሪቷ እንዳትገድላቸው መንጋጋዋ በሰም ተደፍኗል። ያሳድዳሉ እንጂ አይነክሱም። የክሪኬት እናት እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ልጆቿን አታይም፣ አታሳድግም፣ አትመክርም። ሆኖም የእነዚያ እናቶች ልጆች የሸረሪት ምልክት ሲያጋጥማቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ መደበቂያም ይፈልጋሉ። ሸረሪት ባለበት ሲለቀቁም ከሌሎቹ የተሻለ ቆዩ። ላብራቶሪ ውስጥ «ፈሪ» ትባል የነበረችው እዚህ በሕይወት የቀረችው ናት።

የምንወደው ግን የሽኮኮዋ ነው። (የእኛን የድንጋይ ሽኮኮ ሳይሆን ዛፍ ላይ የምትኖረውን፣ ፈረንጆቹ ስኩዊረል የሚሏትን ቀይዋን።) በሰሜን ምዕራብ ካናዳ፣ በዩኮን ግዛት፣ ክሉዌኒ በተባለ ቦታ ተመራማሪዎች እነዚህን ሽኮኮዎች እየተከታተሉ ብዙ ዓመታት ቆይተዋል። እያንዳንዷ ሽኮኮ የራሷ ቀበሌ፣ የራሷ ጎተራ አላት። ክረምቱ (የእነሱ ክረምት በረዶ ነው) ከመግባቱ በፊት ቦታ ያልያዘ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ቤት ፈላጊው በበዛበት ዓመት የሚተርፈው ቶሎ ያደገው ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ሰው ይህ ሳይገለጽለት ይገባዋል።

ቤን ዳንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት እንዲህ ይላል። ጫካው ውስጥ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው የሌሎች ሽኮኮዎችን «ይህ የኔ ነው!» የሚል ጩኸት አሰሙ። ጎረቤት አልበዛም፤ የበዛ መሰለ እንጂ። የእናቶቹ ልጆች ተጨማሪ ምግብ ሳያገኙ በፍጥነት አደጉ። ሕዝብ በበዛበት ወቅት በእናቶቹ ላይ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እናስ ምክንያቱ እሱ ይሆን? ብለው ለሌሎች እርጉዝ ሽኮኮዎች ኮርቲሶል በለውዝ ቅቤ ለውሰው አበሏቸው። የእነዚህም ልጆች ፈጥነው አደጉ። የእናት ጭንቀት እዚህ መልእክት ነው፦ «ልጄ፣ የምትወጣበት አገር ጠቧል፤ ፍጠን» የሚል ደብዳቤ።

ደብዳቤው ሁልጊዜ ልክ ነው ወይ? አይደለም። ስቲክልባክ የምትባል ትንሽ አሳ አለች። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የአሊሰን ቤል ቡድን እናቶቹን በአዳኝ አስፈራርቶ ልጆቻቸውን ሲያያቸው መጀመሪያ ነገሩ መልካም ይመስል ነበር፤ ልጆቹ ተጠጋግተው ይዋኛሉ፣ ይህም መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ልጆቹን ከእውነተኛ አዳኝ አሳ ጋር ሲያገናኟቸው የተፈሩት እናቶች ልጆች ቀድመው ተበሉ። በዚያው በዩኮን ደግሞ ማይክል ሸሪፍ ያረገዙ ጥንቸሎችን በሠለጠነ ውሻ ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ ሳይነከሱ፣ እየደጋገመ ሲያስፈራራቸው የወለዱት ክብደቱ የቀለለ ነበር። እዚያ ያሉት ጥንቸሎች በ10 ዓመት ገደማ ዑደት ይበዛሉ፣ ይመናመናሉ። አዳኙ ከቀነሰ በኋላም ጥንቸሎቹ ቶሎ ሳያንሰራሩ የሚቆዩበት አንዱ ምክንያት ይህ የእናቶች ፍርሃት ሊሆን ይችላል ብለው ይከራከራሉ።

እንግዲህ አንዱ ጋ ይጠቅማል፣ አንዱ ጋ ይገድላል። የሚወስነው ልጁ ተወልዶ የሚያገኘው ዓለም ነው። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «የተጨነቀች እናት የተበላሸ ልጅ ትወልዳለች» ማለት ሳይንስ ሳይሆን እርግማን ነው።

እርግማን ደግሞ አይፈታም። ይህኛው ግን ይፈታል! ስለዚህኛው ማንም ቪዲዮ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1990 ማርታ ዋይንስቶክና ባልደረባዋ ኢየሩሳሌም ውስጥ በጩኸት ከተጨነቁ እናቶች የተወለዱ አይጦችን ገና በሕፃንነታቸው በየቀኑ በእጅ እያነሱ እየዳበሱ አሳደጓቸው። በጠባያቸው ላይ ይታይ የነበረው ለውጥ ተቀለበሰ። በ1995 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የተጨነቀች እናት ልጆችን ገና ሲወለዱ ለሌላ እናት በማደጎ ሰጠ። የጭንቀት ሆርሞናቸው ሥርዓት ተስተካከለ። አሳዳጊዎቹ እናቶች አዲስ ልጅ ሲያገኙ ይበልጥ ይልሳሉ፣ ይበልጥ ይንከባከባሉ። በ2003 የወጣው ደግሞ ለታዳጊ አይጦች ሰፊ፣ መጫወቻ የሞላበት፣ ጓደኛ ያለበት ቤት መስጠት ብቻውን የጨዋታ ጠባያቸውንም የሆርሞን ምላሻቸውንም እንደመለሰው አሳየ።

መላስ ስንል ካናዳዊው ማይክል ሚኒ ትዝ ይለናል። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡድኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያሳየው ብዙ የተላሱ የአይጥ ልጆች ሲያድጉ ጭንቀትን በቀላሉ የሚያልፉ መሆናቸውን ነው። ይህ ጥናት ራሱ «እናት ሆይ፣ ልጅሽን በደንብ ያዢ» ለሚሉት መፈክር ሆኗል። እሺ። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንሲስ ሻምፓኝና ሚኒ ያሳተሙትን ማን አነበበ? ብዙ የሚልሱትን፣ ጎበዞቹን እናቶች መርጠው በእርግዝናቸው ወቅት አስጨነቋቸው። ወለዱ። መላሱ ቀነሰ። የጎበዝ እናት ጠባይም ቢሆን ከውጭ በመጣ ጫና ይሰበራል። ጎበዟ እናት ድንገት ሰነፍ አልሆነችም፤ ተሰብራ ነው።

አባትስ? ብላችሁ ይሆናል። ጥሩ ጠየቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የትሬሲ ቤል ቡድን ወንድ አይጦችን (ትንንሾቹን) ከሴት ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ለሳምንታት አስጨንቆ ልጆቻቸውን አየ። የልጆቹ የጭንቀት ምላሽ ተለውጧል፤ በአባቶቹ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አርኤንኤዎችም ተለውጠዋል። ታዲያ ሚዜዎች ሙሽራውን «ከጫጉላ በፊት እንዳትጨነቅ፣ ለልጅህ ጥሩ አይደለም» ሲሉት ሰምታችኋል? እኛ አልሰማንም። ሲጨነቅ ያየነው ሙሽራ ሁሉ «ወንድ ልጅ!» ተብሎ ትከሻው ሲመታ ነው ያየነው።

እዚህ ላይ ለሌላኛው ወገንም አንዲት ነገር። «አይጥ አይጥ ናት፣ ሰው ሰው ነው፤ ይህ ሁሉ ወሬ ነው» የሚሉ አሉ። የጥንቃቄያቸውን ግማሽ እንጋራለን። ብዙ የአይጥ ጥናቶች በቁጥር አያያዝ ተወቅሰዋል። ከአንዲት እናት የተወለዱ 10 ልጆች እንደ 10 ምስክር ተቆጥረዋል። አንድ ማኅፀን የተጋሩ 10 ወንድማማቾች ግን አንድ ምስክር ናቸው። የውጤቱ ዓይነትም በወንድና በሴት ልጆች ይለያያል፣ በእርግዝናው የትኛው ሳምንት ላይ እንደተከሰተ ይለያያል፣ በአይጥ ዘር ይለያያል። ይሁን። ነገር ግን ከክሪኬት እስከ ጦጣ በዚህ ሁሉ እንስሳ ላይ የታየ ነገር ሰው ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆማል ማለት ማስረጃ የሚጠይቀው ከእነሱ ነው።

ሰው ላይም ታይቷልና! እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በካናዳ ኩቤክ ግዛት የበረዶ ዝናብ ወርዶ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን አፈራረሰ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በዚያ ብርድ ያለ መብራት ቀረ፤ አንዳንዱ ከአንድ ወር በላይ። (እንዴት እንደሚሰማ ለናንተ አናስረዳም።) ሱዛን ኪንግ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩ ሴቶችን መዝግበው ልጆቻቸውን ለዓመታት ተከታተሉ። ሁለት ነገር ለይተው ለኩ። አንደኛው የደረሰባት ነገር ነው፦ ስንት ቀን ያለ መብራት ቆየች? ቤቷን ለቃ ወጣች? ሁለተኛው ምን ያህል እንደተጨነቀች ራሷ የተናገረችው ነው። ልጆቹ 5 ዓመት ተኩል ሲሆናቸው በአእምሮና በቋንቋ ፈተና ላይ ልዩነት ያመጣው የመጀመሪያው ነበር፤ የደረሰባት ነገር። «አትጨነቂ» ባዮች ሆይ፣ ሰማችሁ? ሴትዮዋ ነገሩን በጸጋ ተቀበለችው አልተቀበለችው፣ ልዩነት የፈጠረው መብራቱ የጠፋበት ቀን ብዛት ነው። በሌሎች መለኪያዎች የእናትየዋ ስሜትም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ይህንን አንክድም። ግን ምክሩ ሁሉ ስለ ስሜቷ፣ ስለ መብራቱ ዝም! ይህስ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2014 የሃርቫርዷ ሳራ ሪቻርድሰንና ሌሎች ምሁራን «ኔቸር» መጽሔት ላይ ይህንኑ ብለው ጽፈው ነበር፤ የማኅፀን ጥናት ውጤት በዜና አውታሮች በኩል ሲያልፍ እናቶችን ወደ መውቀስ ይዞራል፣ አባት፣ ማኅበረሰብና ኑሮ ግን ከሥዕሉ ይወጣሉ፣ ብለው። ስለዚህ ቁጣው የኛ ፈጠራ አይደለም።

አሁን የሚያሳፍረውን እናውራ። ያረገዘ እንስሳ እንዴት መያዝ እንዳለበት ከሰው ይልቅ ለአሳማ ያሰበ ሕግ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ያረገዘች አሳማን መዞር እንኳ በማያስችል ጠባብ በረት ውስጥ ለብቻ ዘግቶ ማቆየት ከመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በኋላ፣ ልትወልድ አንድ ሳምንት እስኪቀራት ድረስ፣ ተከልክሏል። ሕጉ የወጣው ለፅንሱ ተብሎ አይደለም፤ ለእንስሳዋ ለራሷ ደኅንነት ነው። (እሱም ቢሆን ጣጣ አላጣውም። ያረገዙ አሳማዎችን ከማያውቋቸው ጋር መቀላቀል ራሱ ያስጨንቃቸዋል። በ2006 ስኮትላንድ ውስጥ እንደታየው እንዲህ ከተደባለቁ እናቶች የተወለዱ ሴቶች በተራቸው ሲወልዱ የሚቁነጠነጡና ግልገል ሲጠጋቸው የሚቆጡ ሆኑ።) ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ያረገዙ ብራህማን ላሞችን 5 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 2 ሰዓት በመኪና አጓጉዘው ጥጆቻቸው ከሌሎች ይልቅ ድንጉጥና አስቸጋሪ መሆናቸውን በ2016 አሳትመዋል። ገበሬው ለምን ይህን ይጠይቃል? ድንጉጥ ጥጃ ኪሳራ ስለሆነ። አርቢው ላሟን «አትጨነቂ» ብሎ አይመክራትም። ጉዞውን ይቀንሳል።

እኛ አገር የከበደች አህያ ሲሚንቶ ተጭና ዳገት ስትወጣ እናያለን፣ ዱላም አይቀርላት። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ናት፤ ስለ አህያዋ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ እንመለስበታለን፣ ይገባታልና።

ወደ ሴቲቱ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ ይላል። የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ሥራም ይከለክልላታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ስናመሰግን አናፍርም። ነገር ግን 30ው ቀን የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጦጣዎቹ ላይ ጩኸቱ የተለቀቀው ከዚያ በፊት፣ በእርግዝናው መካከል ነበር። ቀሪዎቹን 8 ወራት የሚወስነው አለቃ ነው፦ ወንበር ይሰጣታል ወይስ ቀኑን ሙሉ ታቆማለች? ለምርመራ ስትሄድ በፈገግታ ይሸኛታል ወይስ «ደግሞ ዛሬም?» ይላታል? ኮንትራቷ እንደሚታደስ በጊዜ ይነግራታል ወይስ ሆዷ እስኪገፋ ዝም ይላል? «ውልሽ ይታደስ አይታደስ እናያለን» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የቶምሰን ደወል ናት። ኤሌክትሪክ የላትም፤ በር ግን ትቆልፋለች።

ይህም ለተቀጠረችው ነው። በሰው ቤት በቤት ሠራተኝነት የምትኖረዋ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት፤ የእሷ ጉዳይ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። መንገድ ዳር ጀበና ዘርግታ ቡና የምታፈላዋም፣ ጉሊት የተቀመጠችውም አሠሪ የላቸውምና ፈቃድ የሚሰጣቸው የለም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ እቃቸውን ሰብስበው የሚሮጡት ሆዳቸውን ይዘው ነው። የእርግዝና ምክር የሚሰጡት ቪዲዮዎች የሚጠሯት «እናት» ግን ሁልጊዜ ሶፋ ላይ የተቀመጠች፣ እጇ ላይ ጭማቂ የያዘች፣ ረጋ ያለ ሙዚቃ የምታዳምጥ ናት። ሙዚቃውን አልተቃወምንም።

ታዲያ ምን ይባል? ይህን ለሚጠይቁን አጭር መልስ አለን። «አትጨነቂ» ከማለታችሁ በፊት «ምን አስጨነቀሽ?» በሉ፤ መልሱ ውስጥ የእናንተ ስም ካለ ደግሞ ምክሩን ተዉትና ነገሩን አንሱላት። ባል ከሆንክ የቤት ኪራዩን ወሬ አንተ ጨርሰው። አከራይ ከሆኑ እስክትገላገል ይታገሡ እማማ። አለቃ ከሆንክ የኮንትራቱን ነገር ዛሬ ከሰዓት በጽሑፍ አሳውቃት።

ይህን ጽሑፍም ለነፍሰ ጡር እህታችሁ አትላኩላት፤ የምታነበው ሌላ ምክር በዝቶባታል። ለአለቃዋ ላኩለት።